ቀን የተቆረጠለት ሰው

የያዙኝ ጠዋት፣ የመኪናዬን መስታወት ከበረዶ እየፋቅሁ ሳለ ነው። ቦታው ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ የምንኖርበት አፓርትመንት ፓርኪንግ ነበር። የኩላሊት በሽተኞችን ወደ ዲያሊሲስ የማመላልስበት ቫን ተነስቶ እየሞቀ ነው። ሦስት የኢሚግሬሽን ሰዎች ከኋላዬ መጥተው ስሜን ከነአባቴ ጠሩና መፋቂያውን ከእጄ ተቀበሉኝ። አንደኛው ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ጎማው ላይ አስቀመጠው፤ ለቤተሰብ መሆኑ ነው። ሚስቴ በመስኮት ታይ ነበር። እንዳትወርድ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ የሷም የኢሚግሬሽን ጉዳይ እንደኔው በእንጥልጥል ላይ ነበር።

አገር ቤት አንድ ጊዜ በፖለቲካ ታስሬያለሁ። እዚህ ጥገኝነት የጠየቅሁትም በዚያ ነው። ስለዚህ የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ እስር ቤት ስገባ እንደ ጀማሪ አልደነገጥኩም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አይካድም። ተደራራቢ አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የተበየደ ጠረጴዛ፣ የብረት ሽንት ቤት፣ መዳፍ የምታህል መስኮት፤ ሽታው የበረኪና ነው። አገር ቤት ሰው በሰው ላይ ተደራርበን ነበር የምንተኛው። ሁለቱ እስር ቤቶች የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁለቱም ቀን የለኝም። ኢሚግሬሽን የያዘው ሰው አልተፈረደበትም፣ ስለዚህ ፍርዱን የሚጨርስበት ቀንም የለውም።

ካውንቲው የራሱንም እስረኞች እኛንም አንድ ላይ ነበር የሚያስቀምጠን። ለእኔ የደረሰኝ የታችኛው አልጋ ላይ የተቀመጠ የአገሬ ሰው ነው። ሃምሳን አልፏል፤ ፀጉሩ ነጭ፣ ብርድ ልብሱን አራት ማዕዘን አድርጎ የሚያጥፍ ጥንቁቅ ሰው። ለረጅም ጊዜ እዚህ የኖረ፣ የዚህ አገር ዜግነት ያለው ነው።

“እንኳን ደህና መጣህ እንዳልል ቦታው አይሆንም” አለኝ። “ብቻህን ባለመሆንህ ግን እንኳን ደስ ያለህ።”

ሳቅሁ። ጋሼ እያልኩ እጠራው ጀመር። ትርፍ ካልሲውን ሰጠኝ፣ ስልኩ እንዴት እንደሚሠራ አሳየኝ፣ ከጠባቂዎቹ የትኛው ሲጠይቁት እንደሚቆጣ ነገረኝ። ለምን እንደታሰረ አልጠየቅሁትም፤ እስር ቤት ውስጥ ይህን ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ጥሩ ሰው አይደለም።

ቅናቱ የጀመረኝ እሁድ ነው። እሁድ እሁድ እህቱ ከምትኖርበት ከሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ ትመጣለታለች። መታወቂያዋን በሩ ላይ አሳይታ፣ በመስታወቱ ማዶ ተቀምጣ፣ ግማሽ ሰዓት ታወራዋለች። የኔ ሚስት ያን በር ልትጠጋው አትችልም። እኔ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። በስልኩም የሰባት ዓመቷ ልጄ በእንግሊዝኛ “ባባ፣ ዌን አር ዩ ካሚንግ ሆም?” እያለች መቼ ቤት እንደምመጣ ትጠይቀኛለች። “ሱን”፣ በቅርቡ፣ እላታለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሱን።

እሱ ከጉብኝቱ ሲመለስ ፊቱ ታጥቦ የመጣ ይመስላል። “እህቴ ሰላም በልልኝ ብላለች” ይለኛል። እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ፣ ዞር ብዬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ጠባቂው ከፕሮቤሽን፣ የተፈቱትን ከሚቆጣጠረው ቢሮ፣ የመጣ ወረቀት አቀበለው። ሰኞ ይፈታል። ወረቀቱን ሞልቶ በማግሥቱ ጠዋት መመለስ አለበት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት ብዙ ቆየና ዞረ።

“ወንድሜ፣ ያንተ እንግሊዝኛ ጥሩ ነው። እስቲ አብረን እንያት።”

“አስተርጓሚ አይሰጡዎትም እንዴ፣ ጋሼ?”

“ይሰጣሉ፣ በስልክ። ግን አማርኛ ሲባል ማን እንደሚያነሳው ታውቃለህ? የኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት። ድምፄን ትለየዋለች። አልፈልግም ብዬ ፈረምኩ።”

ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ምን እንደሆነ ተጽፏል፤ የወሲብ ወንጀል የፈጸሙ ሰዎች ምዝገባ። ከሥሩ እሱ ያደረገው አለ። ይህን እዚህ አልጽፈውም። የተበደለች ሰው አለች፣ ጉዳዩም የሷ ነው። አንብቤ ወረቀቱን መለስኩለት። እሱ ጣቶቹን ነበር የሚያየው።

“ካልፈለግህ ተወው” አለ።

“አምጣው፣ ላንብብልህ” አልኩት። እርስዎ ማለቴን ያን ጊዜ ተውኩ። ሰምቷል።

አነበብኩለት። የሚኖርበትን ቤት ይጽፋል። ሌላ አልፎ አልፎ የሚያድርበት ካለም ይጽፋል። የሚሠራበትን፣ የሚነዳውን መኪና፣ የሰው እንኳ ቢሆን፣ ይጽፋል። ቤት ከመቀየሩ አምስት ቀን አስቀድሞ ያሳውቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ደብዳቤ ይመጣለታል፤ ፈርሞ በአሥር ቀን ውስጥ ይመልሳል። ጊዜው አሥር ዓመት ነው፤ ባለፈው ጊዜ ሳያሳውቅ ስለቀረ አምስት ተጨምሮበታል። ደግሞ ካጠፋ ሌላ ወንጀል ነው፣ ተመልሶ ይገባል።

እያነበብኩ ሳላስበው ፈጠንኩ። ከመጸየፍ ነው ብል ደስ ባለኝ። መጸየፉም ነበረ፤ የበለጠው ግን ቅናት ነው። ይህ ሰው እንዲህ አድርጎ፣ መንግሥት ቁጭ ብሎ ጽፎለታል። ይህን አድርግ፣ ያን አታድርግ፣ በዚህ ቀን ያልቅልሃል። ማደሪያውን ለዓመታት ማወቅ ይፈልጋሉ። እኔን ግን የትም ልደር የት፣ እዚህ አገር ብቻ አልደር እንጂ ግድ የላቸውም። እኔ ማንንም አልበደልኩም፣ አንድ ገጽ ደንብ እንኳ የሰጠኝ የለም።

“አሥራ አምስት ዓመት!” አለ ትንፋሹን ለቅቆ። “ዕድሜ ልክ በለው እንጂ።”

“አሥራ አምስት ዓመት ያልቃል” አልኩት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

ያለፈው ጊዜ እንዴት እንዳጠፋ ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። እኛ ስደተኞች፣ እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ፖስታችን አንድ ቦታ፣ አልጋችን ሌላ ቦታ ነው። ቤት እስክንይዝ በወዳጅ አድራሻ ደብዳቤ እንቀበላለን፤ ከያዝንም በኋላ መቀየሩን እንረሳለን። እሱም ለምዝገባው የአንድ ወዳጁን አድራሻ ሰጥቶ ሌላ ቦታ ይኖር ነበር። የዓመቱ ደብዳቤ ሲመጣ ወዳጁ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጥፎ ሊደውል አሰበ። ሳይደውል ሦስት ሳምንት አለፈ። ፖሊስ አድራሻው ድረስ ሄዶ አጣው፤ አሁን የታሰረውም በዚያ ነው።

“ታዲያ አሁን የት ልትገባ ነው?” አልኩት።

“ጓደኛዬ ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ሰጥቶኛል፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ። አውቶቡሱ ደጃፉ ላይ ነው። እህቴ ጋ እንዳልገባ ልጆች አሏት፣ ፕሮቤሽኑ አይፈቅድም።”

ይህን ብሎ እስክሪብቶውን አነሳና መኖሪያ በሚለው ቦታ ላይ፣ በጥንቃቄ፣ የእህቱን የሴንት ሉዊስ ፓርክ አድራሻ ጻፈ።

“እሷ ደብዳቤ አታሳድርም” አለኝ። “በመጣ በሰዓቱ ትደውልልኛለች። ካለፈው ተምሬያለሁ። እንዲህ ጥሩ ነው አይደል?”

ከመስመሩ በታች በትንንሹ ተጽፏል፤ የሚያድሩበት ቤት እንጂ ደብዳቤ የሚቀበሉበት አይደለም ይላል። ያን መስመር ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሰውዬው ከጥፋቱ የተማረው ትምህርት ራሱ ጥፋት ነበር።

“ጥሩ ነው” አልኩት።

ምሳ ላይ ብርቱካኑን ወደኔ ገፋው፤ ላነበብኩለት ምስጋና መሆኑ ነው። በላሁት። ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የሚሆነውን አሰብኩ። ሰኞ ይወጣል። በኔ ሰፈር፣ በኔ አውቶቡስ ይሄዳል፣ እኔ ዳቦ ከምገዛበት ሱቅ ይገዛል። በረዶው ሲቀልጥ ያየዋል። ከዚያ አንድ ቀን ፖሊስ እህቱን “አለ?” ብሎ ይጠይቃል፣ የለም። ይይዙታል። ተመልሶ እዚህ ይመጣል፣ የታችኛው አልጋ ላይ፣ እንደኔው ቀን የለሽ ሆኖ። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። ዛሬ ሊያሳፍረኝ ይችላል፣ ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጠባቂው በሩ ላይ ቆመ። ሰውዬው ፊቱን ታጥቦ፣ አልጋውን አንጥፎ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ ይጠብቅ ነበር። እስክሪብቶውን ይዞ ወደኔ ዞረ።

“ልፈርም?” አለኝ።

አገር ቤት፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ አንድ መርማሪ ነበረ። ሁለት ቀን እንቅልፍ ከልክለውኝ፣ ሦስት ገጽ ፊቴ አስቀምጦ፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ “ጥሩ ነው፣ ፈርም” አለኝ። ሳላነብ ፈረምኩ፤ በዚያ ፊርማ ስንት ወር ተቀመጥኩ። ያን ሰው ያን ያህል ዓመት ስረግመው ኖሬ፣ ትናንት በሱ ቃል የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

“ቆይ፣ እንዳትፈርም” አልኩት። ከአልጋዬ ወረድኩና በሩ ጋ ሄድኩ። በሦስት ወር ውስጥ ጠባቂ ምንም ጠይቄ አላውቅም፤ አስፕሪን እንኳ።

“ሌላ ንጹሕ ቅጽ ያስፈልገዋል” አልኩት በእንግሊዝኛ።

ጠባቂው አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየ። “የምን ቅጽ እንደሆነ ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ። አድራሻው ተሳስቷል። የሚያድርበትን ነው መጻፍ ያለበት።”

ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሰውዬው ተነስቶ ቆሟል።

“ጥሩ ነው ብለኸኝ አልነበረ እንዴ?”

“ዋሽቼህ ነው።”

“ለምን?”

“ቀንቼብህ።”

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። “በኔ?” አለ። ደግሞ፣ “በኔ?” አለ።

ቅጹ መጣ። ጓደኛው ቤት ያለበትን መንገድ፣ የቤቱን ቁጥር፣ ቤዝመንት የሚለውን ሳይቀር በራሱ እጅ ጻፈ። እኔ አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዱን መስመር መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በአማርኛ አነበብኩለት፤ ሳይገባው ያለፍነው መስመር የለም። መኪና የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ።

“የጓደኛዬን ነው አልፎ አልፎ የምነዳው። የኔ አይደለም እኮ።”

“ከነዳኸው ጻፈው።”

ጻፈው። ፈረመ። ሰኞ ጠዋት ብርድ ልብሱን አራት ማዕዘን አድርጎ አጥፎ ወጣ። እጁን አልዘረጋልኝም፣ እኔም አልዘረጋሁም። በደህና ግባ አልኩት። ጋሼ አላልኩትም፣ ያን ያህል ደግ ሰው አይደለሁም።

እኔ በጸደይ ወጣሁ። ዳኛው ጉዳዬን ከውጭ ሆኜ እንድከታተል ፈቀደልኝ፤ ቫኑንም ተመልሼ እየነዳሁ ነው። እኔም አሁን ወረቀት አለኝ፣ ቤት ስቀይር የማሳውቅበት፣ በቀጠሮ ቀን የምቀርብበት። ወረቀቱን የተቀበልኩ ቀን፣ የሰው ሳይሆን የራሴ፣ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ሰው ላይ ቀንቶ የለመደ ሰው ደስታውም እንዲህ የተጣመመ ነው።

ይህን ታሪክ ለሚስቴ የነገርኳት ባለፈው በጋ ነው። ከአፕል ቫሊ፣ ከአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና በቀትር እየተመለስን ነበር። ልጃችን ከኋላ ተኝታለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅናቱን፣ ብርቱካኑን፣ መርማሪውን። እንደምታመሰግነኝ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“ቤዝመንቱ የት ነው አልከኝ?”

“ኮሎምቢያ ሃይትስ።”

“የኛው ኮሎምቢያ ሃይትስ?”

“አዎ።”

ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ “እና አንድ ቀን ሙሉ ዝም ያልከው፣ ፖሊስ ሴንት ሉዊስ ፓርክ አለ እያለ፣ እሱ እኛ ሰፈር፣ ማንም ሳያውቅ እንዲያድር ነው?” አለችኝ።

ዞር ብላ የልጃችንን ቀበቶ አየች። እኔም እየነዳሁ ያን ሐሙስ ከጠዋት እስከ ማታ መልሼ አሰብኩት። ስለሱ አስቤያለሁ፣ ስለ እህቱ አስቤያለሁ፣ ስለ ራሴ ደግሞ እጅግ ብዙ። በስልክ ባባ የምትለኝ ልጄ ግን በዚያ ሁሉ ሐሳቤ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልገባችም። በማግሥቱ እውነቱን ነገርኩት፣ ልክ ነው፤ የነገርኩት ግን ለሷ ብዬ አልነበረም።