የግድግዳው ሲሚንቶ የት እንደገባ

ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሥራ አራትም ሊሆን ይችላል። እናቴ ዕድሜዬን የቆጠረችልኝ በበልግ ነው፤ በልግ ደግሞ አንዳንድ ዓመት ሳይመጣ ይቀራል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ እጄን ይዛ የወሰደችኝ ስብሰባ ነው። አዲሱ ቦይ ገና ዓመት ሳይሞላው ተሰንጥቆ፣ የሰው ሽንኩርት በማሳው ላይ ጠውልጎ፣ ምክንያቱን ሊነግሩን ጠሩን። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ተራ በተራ ተነሡ። አንዱ አፈሩን ከሰሰ። ሁለተኛው ሙቀቱን ከሰሰ። ሦስተኛው ችግሩን ከእሱ በፊት ከነበረው ኃላፊ እንደተረከበው ነገረን። እጄን አነሣሁ።

«ልጆቼ፣ አፈሩንም ሙቀቱንም እናውቃቸዋለን፤ ድሮም እዚሁ ነበሩ። ቦዩን ያሠራው ሰው ማን ነው? ስሙን ንገሩን፤ ይነሣና እንየው» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «እማማ፣ ጥያቄዎ በጥናት ላይ ነው» አለኝ። እንግዲህ በጥናት ላይ ያለ ጥያቄ ሆንኩ! ቤት ስገባ ከልጄ ደብተር ፊደል የቆጠርኩበትን ዘመን አመስግኜ እርሳስ አነሣሁ። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው የሚያውቀውን ለራሱ ብቻ መያዝ አይችልም።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ነው። ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ይሠራ ስለነበር ነጮቹ ከወንዛችን ማዶ ሰፈር ተክለው፣ ከሰፈሩም በታች ሰፊ የጥጥ እርሻ ዘርግተው ነበር። አባቴ ይማም የውሃ አባት ነበር። ይህ ሹመት አይደለም፤ ካባም ደሞዝም የለውም። ከወንዙ የሚጠለፈውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍል፣ መንደሩ እስላም ክርስቲያን ሳይል መርጦ የሚያስቀምጠው ሰው ነው። የአንዱ ተራ አልቆ የሌላው መጀመሩ የሚታወቀው በጥላ ነበር። አባዬ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ጥላውን በእግሩ ይለካል፤ ስምንት እግር ሲሆን «በቃህ፣ ዝጋ» ይላል። የተጠራጠረ ራሱ መጥቶ ይለካል። አባዬ በዚህ ተቆጥቶ አያውቅም። እንዲያውም «ለካ፣ ለካ፤ ያልተለካ ሰው ይበላሻል» ይል ነበር።

ውሃውን የምንጠልፈው በግራር ቅርንጫፍ፣ በድንጋይና በሣር ነበር። እንግዳ ሲያየው የወፍ ጎጆ ይመስለዋል። ታዲያ የእኛ ወንዝ ጠባዩ ሌላ ነው። እዚህ ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከላይ ደጋው ላይ ይዘንብና ደራሹ ጎርፍ ድንገት ይመጣል። በልግ ሲቃረብ፣ ከደጋው በኩል ደመናው ሲጠቁር፣ አባዬ በራሱ እጅ ጠለፋውን መካከሉን ያፈርሰዋል። ጎርፉ በሩ ተከፍቶለት እንደ እንግዳ ያልፋል። ሲጎድል መንደሩ ይወጣና አንድ ቀን ተኩል ሠርቶ ይመልሰዋል። በዚያ ቀን ልጆች ጥንቅሽ እየመጠጥን፣ ሴቶቹ ንፍሮ እያቀረቡ፣ ሥራ ይሁን ሠርግ የማይለይ ነገር ነበር።

የአክስቴ የጦይባ ባል እንድሪስ፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የበቅሎ ነጋዴ ነበር። ምላሱ ጣፋጭ ነው፤ የማያውቀውን ነገር ከሚያውቀው ይልቅ ጮክ ብሎ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው ለባዕድ ገዥ ይመቻል መሰለኝ፣ የመንደራችን ሹም አደረጉት። የሰፈሩ አዛዥ፣ እኛ ካፒቴኑ የምንለው፣ ለጥጡ እርሻ ውሃው እንዳይቋረጥ በጠለፋው ቦታ የድንጋይና የሲሚንቶ ግድግዳ ይሠራ ሲል፣ የፍየል በረት እንኳ ሠርቶ የማያውቀው እንድሪስ «እኔ አሠራዋለሁ» አለ።

አባዬ ሰው በተሰበሰበበት ነገረው። «እንድሪስ፣ ይህ ወንዝ ሲቆጣ በር ይፈልጋል። ግድግዳ ከሠራህም መካከሉን ክፈትለት።»

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ ጭራሮ ስትቆልል ኖረህ ስለ ሲሚንቶ ልትነግረኝ ነው?»

«ስለ ሲሚንቶ አላውቅም። የምነግርህ ስለ ወንዙ ነው።»

«ወንዙም ቢሆን ከእንግዲህ የመንግሥት ነው!» አለ እንድሪስ። ሰው ሳቀለት። ሹም ሲቀልድ ይሳቅለታል፤ ከዚያ ወዲህም ስንት ቀልድ ስቀናል።

ከየቤቱ አንድ ሴት አሸዋ እንድትሸከም ታዘዘ። እናቴ አራስ ስለነበረች የሄድኩት እኔ ነኝ። ሲሚንቶው በካሚዮን ይመጣና ከመንገዱ ዳር ይራገፋል። ከሦስት ከረጢት ሁለቱ በአህያ ተጭኖ ወደ እንድሪስ አዲስ ቤት ይሄዳል። እንዴት አወቅሽ ትሉኝ እንደሆነ፣ አህያዋን የነዳሁ እኔ ነኛ! ለግድግዳው ጭቃና አመድ አቡክተን ድንጋዩን አያያዝንበት፣ ከላይ ብቻ ስስ ሲሚንቶ ለሰንነው። ካፒቴኑ መጥቶ ልስኑን በዱላው ቀጭ ቀጭ አድርጎ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ወረቀት ላይ ፈርሞ ሄደ። በዚያ ሙቀት ወርዶ ሥሩን ማየት ከብዶት ይሆናል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የአክስቴን አዲስ ወለል እወደው ነበር። በዚያ ሐሩር ባዶ እግሬን ሳሳርፍበት ይቀዘቅዘኛል። አክስቴ ልጅ ስላልነበራት ወተትና ማር ትሰጠኛለች፤ እኔ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ጉንጬን አስነካዋለሁ። ሲሚንቶው ከየት እንደመጣ እያወቅሁ ነው። ልጅም ቢሆን ሰው የሚመቸውን ነገር ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

በልግ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በቆሎው እሸት ሆኖ ለመጥበስ የደረሰበት ሳምንት ነበር፣ ከላይ እንደ ብዙ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ መጣ። ግድግዳው በር የለው፣ አቅም የለው፣ በአንድ ጊዜ ተናደ። ድንጋዩ ወንዙ መሐል ተከመረና ጎርፉን ወደ እርሻችን አዞረው። ሲያልፍ የሰባት ቤት በቆሎ አልነበረም። የጣሊያኖቹ ጥጥም ግማሹ ሄደ፤ ነገር የመጣውም በዚሁ ነው። የእኛ በቆሎ ብቻ ቢሆን ማን ይጠይቅ ነበር?

ካፒቴኑ ተቆጣ። እንድሪስ ደግሞ ጥፋተኛ አዘጋጅቶ ጠበቀው። «ይማም ከሽፍቶች ጋር ተመሳጥሮ አፈረሰው» አለ። የገዛ ሚስቱን ወንድም! አባዬን ሰፈሩ አጠገብ ካለው ሾላ ዛፍ ጋር አሰሩት። በሦስተኛው ቀን፣ ገበያ ሲቆም፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ይፈረድበታል ተባለ። ከሽፍታ ተባበረ የተባለ ሰው ፍርዱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ገመድ ነው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አክስቴ ጋ ሮጥኩ። በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ጦይባ፣ ሲሚንቶውን አንቺም እኔም እናውቃለን» አልኳት።

«ዝም በይ!»

«ነገ ይሰቅሉታል።»

ተነሥታ እንስራዋን አዘለች። «ወንዝ ልወርድ ነው። መጥረቢያው ከበሩ ኋላ ነው። ስመለስ ምን ጎደለ ብዬ አልጠይቅም» አለችኝና ዞር ሳትል ሄደች። ከወለሉ ጥግ አንድ ቁራጭ እስክፈነቅል ድረስ መዳፌ ቆሰለ። ያን ያህል ጠንካራ ነበር።

በማግስቱ ሾላው ሥር ሰው እንደ አንበጣ ፈሰሰ። ካፒቴኑ በሚታጠፍ ወንበር ተቀምጦ አንገቱን በመሐረብ ይጠርጋል። እንድሪስ በዚያ ቃጠሎ ከጣሊያን የተሰጠውን የሱፍ ካፖርት እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ከመካከላቸው አስተርጓሚው ቆሟል። አስተርጓሚው ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ የሚበላው ግን እንድሪስ ቤት ነበር።

እንድሪስ ክሱን ተናገረ። አባዬ ምን ትላለህ ተባለ። አባቴ መዋሸት የማያውቅ ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ አላወቀበትም።

«ጠለፋን ሳፈርስ ኖሬያለሁ፤ አልክድም» አለ። «የማፈርሰው ጎርፍ ሳይመጣ ነው፤ መልሰን ልንሠራው። ይህን ግድግዳ ግን እጄም አልነካው። በር ካልተወለት ወንዙ ራሱ ያፈርሰዋል ብዬ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። ለዚህም ምስክሬ እንድሪስ ነው።»

አባዬ አንድ ሙሉ እንጀራ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ለካፒቴኑ አንዲት ጉርሻ ብቻ አቀበለው። ካፒቴኑ «በቃ፣ አመነ» እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀ። የጣሊያን ቋንቋ አላውቅም፤ የተቆረጠ ነገር ግን አይቼ አውቃለሁ። «አልክድም» ያላት መጀመሪያዋ ብቻ እንደተሻገረች ገባኝ። አሁን እኔም ብጮህ የእኔንም ይቆርጠዋል።

በአንድ እጄ ውሃ የሞላ ቅል፣ በነጠላዬ ጫፍ ሁለት ቁራጭ ቋጥሬ፣ በሰው እግር መካከል ሾልኬ ወጣሁ። አንድ ባንዳ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ማን ናት ይቺ?» አለ እንድሪስ። ካወቀኝ በኋላ ሳቀ። «የይማም ልጅ! የእናትሽን ወተት ሳትጨርሺ ችሎት ትገቢያለሽ?»

«ወተቱንማ አንቱ ቤት ነው የጠጣሁት፣ ጋሼ እንድሪስ» አልኩት። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት።

ባንዳው ሲያመነታ ቅሉን ካፒቴኑ እግር ሥር አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ከወንዙ ዳር ያነሣሁትን የግድግዳውን ስባሪ አሳየሁት፤ ከዚያ በጣቴ ወደ ወንዙ አመለከትኩና ውሃው ውስጥ ጨመርኩት። እያየው ሟሟ። በእጄ ባሸው ጊዜ በጣቶቼ መካከል ጭቃና አመድ ሆኖ ፈሰሰ። ቀጥሎ ሁለተኛውን ቁራጭ አወጣሁ፤ ኮረብታው ላይ በቆርቆሮ ወደሚያብረቀርቀው ወደ እንድሪስ ቤት አመለከትኩ፤ እሱንም ጨመርኩት። አሸሁት፤ ምንም አልሆነም። አውጥቼ በካፒቴኑ ወንበር ብረት ላይ መታሁት፤ ቁራጩ ጮኸ።

አስተርጓሚው አፉን ከፈተ። የሚተረጎም ነገር ግን አልነበረም።

ካፒቴኑ ቁራጩን ከእጄ ወሰደ። አገላበጠው። እንድሪስን አየው፤ ኮረብታውን አየ። የእንድሪስ ካፖርት ብቻውን የቆመ ይመስል ነበር። እኔ በልቤ «አሁን ገመዱ ወደ ሌላ አንገት ይዞራል» አልኩ። አልዞረም። ካፒቴኑ ቁራጩን ኪሱ ከትቶ ተነሣና ሁለት ቃል ተናግሮ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

«ምን አለ?» አሉ ሰዎች።

አስተርጓሚው ወደ መሬት እያየ «ፍቱት፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሂድ» አለ።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀም። ሲሚንቶው የት ገባ አልተባለም። የሰባት ቤት በቆሎ ነገር አልተነሣም። ግድግዳው ጠንካራ ነው ብሎ የፈረመው ካፒቴኑ ራሱ አልነበር? እንድሪስን ቢጠይቅ ወረቀቱ ተመልሶ እሱን ይጠይቀዋል። እንድሪስም በሹመቱ ቆየ። የመንደሩ ሰው ግን ግድግዳውን ደግማችሁ ሥሩ ሲባል አንድም ሰው አልወጣም። በዚያው ሳምንት ሁሉም ግራሩን ቆርጦ፣ በካፒቴኑ ዓይን ሥር፣ የድሮውን ጠለፋ በድሮው ቦታ ሠራ። ወታደሮቹ ቆመው አዩን፤ ማንም ተው ያለን የለም።

ጣሊያን ወጣ። ነፃነት ሆነ ብለን ጨፈርን፤ አልሐምዱሊላህ። ጥቂት ወራት ቆይቶ እንድሪስ ካፖርቱን በሌላ ካፖርት ለውጦ ተሾመ። እውነቴን ነው።

ይህን ሳወራ «ጊዜው ክፉ ነበር» የሚሉኝ አሉ። ጊዜ ሲሚንቶ አይሰርቅም፤ አህያም አይጭንም። የሠራው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ስም አለው። እኔ ዛሬ ጉልበቴ ደክሟል፤ ለሚመጣው ስብሰባ ግን እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ። በጥናት ላይ ነው ካሉኝም ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።

አክስቴ ጦይባ አባቴ በተፈታ ዕለት ምንጣፏንና ሁለት ፍየሎቿን ይዛ እኛ ቤት መጣች። እንድሪስ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከባት። ሦስቱንም ጊዜ «ሾላው ሥር ቆሞ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ይበል፤ ያን ቀን እመለሳለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ አራተኛ አልመጡም። አባዬ ከመሬቱ ጥግ ቆርሶ፣ ከውሃ ተራውም በሳምንት ግማሽ ጧት ሰጣት። እዚያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ተከለች። እስክትሞት ድረስ ገበያ እያወጣች በዚያው ኖረች።