የእትዬ ዘሀራ የጃፓን ሾርባ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት ነው። ምሳ በቀረበልኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ምሳዬን የምበላው እትዬ ዘሀራ ቤት ነው። ዱባይ በአንድ ጃፓናዊ ቤት ሲሠሩ የኑድል፣ የዚያ በሾርባ የሚቀርብ ፓስታ መሳይ የጃፓን ምግብ፣ ሙያ ተምረው መጡና ምግብ ቤት ከፈቱ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ያጠግባል። ሥጋ ግን የለውም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ገበታ እንዲቀርብ ብለው ነው የተዉት። እኔና ሽንኩርት ነጋዴው ጓደኛዬ ሰይድ፣ የማን እርድ ነው ሳንባባል፣ በዚያ ሙቀት ላባችንን እየጠረግን ትኩስ ሾርባ እንምጋለን።

አንድ ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ወደ ደሴ የሚያልፍ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ገባ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሾርባውን ቀመሰ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣

«ይሄማ የጃፓን አይደለም! እውነተኛው የሚሠራው በአሳማ አጥንት ነው» አለ።

ሰውዬው የተናገረው ስለጎደለው ነገር ነው። ቤቱ ግን ከንግግሩ ሁሉ አሳማ የሚለውን ብቻ ሰማ። ሙስሊሙ «አስተግፊሩላህ» ሲል ክርስቲያኑ አማተበ። በሃይማኖት የማይገጥሙት ሰዎች በሩ ላይ ተጋፍተው አብረው ወጡ።

«ወላሂ ሽንኩርት ነው! ኑ ድስቱን እዩት!» አሉ እትዬ ዘሀራ።

ድስቱን ያየነው እኔና ሰይድ ብቻ ነን።

«እኔው ባመጣሁት ሽንኩርት ነው እንዴ የሚሸሹት?» አለ ሰይድ ተናዶ።

እንግዳው ሾርባውን አሟጦ ጠጣና መንገዱን ቀጠለ። ሳይመሽ ወሬው ጎረቤታችን ጀውሃ ከተማ ደረሰ፤ አሳማው ከነጅራቱ ታየ ተባለ። በማግስቱ ቤቱ ጭር አለ። እትዬ ዘሀራ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያች ድስት ነውና አለቀሱ።

ሳምንት ሳይሞላ ግን ሰሌዳው ላይ «ኑድል» የሚለውን አጥፍተው «ፓስታ በሾርባ» ብለው ጻፉ። ድስቱም ያው፣ ሾርባውም ያው። አማትቦም፣ «አስተግፊሩላህ» ብሎም የወጣው ሁሉ ተመለሰ።

«አሁን ገና የሰው ምግብ ሆነ!» አለኝ አንዱ አፉን ሞልቶ። ጣሊያን አሳማ አይበላም ብሎ የነገረው ማን እንደሆነ እንጃ።

«እውነቱን ልንገራቸው?» ብዬ እትዬ ዘሀራን ጠየቅኳቸው።

«ተው ልጄ፣ ይብሉበት» አሉኝ።

ገበያቸው በመመለሱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ቤቱ አሁን መቀመጫ የለውም። ያልሸሸነው እኔና ሰይድ፣ የሸሹት በልተው እስኪነሡ ድረስ በር ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ይህን ግን ይቅር አልላቸውም።