ስለ ሁለቱ ቢራቢሮዎች የዋሸሁት

ይህ የደረሰብኝ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ዳንግላ ሳስተምር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ፤ ዛሬም ቢራቢሮ ባየሁ ቁጥር ትዝ ብሎኝ አንገቴን ያስደፋኛል።

ለወላጆች ቀን አንዱን ክፍል ሙዚየም አድርገነው ነበር። ተማሪዎች ከቆሰበርና ከግምጃ ቤት ከተሞች ዙሪያ የሰበሰቧቸውን ቢራቢሮዎች በመርፌ ወግተን መስተዋት በተገጠመላቸው ሳጥኖች ደረደርናቸው። ከአዲስ አበባ አንድ የባዮሎጂ መምህር ካሜራ ይዘው መጡና እያንዳንዱን ፎቶ ያነሱ፣ ዝርያውንም ይለዩ ጀመር። እኔ ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራለሁ፤ የሚሉኝን ስም በደብተር እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ለባልደረቦቼ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ ብያቸው ነበር። የተወለድሁት ግን ግምጃ ቤት አጠገብ ነው፤ አፌን የፈታሁትም በአገውኛ ነው። በአነጋገራችን ሲሳሳቁ ስለሰማሁ ደበቅሁት።

እንግዳው ሁለት ቢራቢሮዎች ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። አንዱ ቢጫ ነው፤ የክንፉ ጫፍ እንደ ጭራ ወደ ታች ወርዷል። ሌላው ጭራ የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነው።

«ሁለት ዝርያ ናቸው መሰለኝ» አሉ።

ሊያዩ ከመጡት ወላጆች መካከል አንድ ሽማግሌ ከኋላ ጠጋ ብለው በአገውኛ አናገሩኝ። ዞር ስል አያ ቢምረው ናቸው፤ ቀፎ በመስቀል የታወቁ የአባቴ ጎረቤት።

«ልጄ፣ እነዚህ እኮ አንድ ናቸው» አሉኝ። «ቢጫው ወንዱ ነው፤ ያችኛዋ ሴቷ። ከቀፎዬ አጠገብ ሲገናኙ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ንገራቸው።»

«ምን አሉ?» ሲሉ እንግዳው ጠየቁኝ። ባልደረቦቼ አጠገቤ ቆመዋል።

«ቋንቋቸውን አልሰማም» አልሁ። «ያምራሉ የሚሉ ይመስለኛል።»

እንግዳው ለሽማግሌው ፈገግ ብለው እጅ ነሱና ሁለት ስም አስጻፉኝ። ጻፍሁ። አያ ቢምረው ለመውጣት በአጠገቤ ሲያልፉ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ በጠራ አማርኛ «እኔ ያልሁት እንዲያ አይደለም» አሉኝ። ለእንግዳው ራሳቸው መንገር ይችሉ ነበር። በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ አልፈለጉም።

እንግዳው ዳንግላ አደሩ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ካረፉበት ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ ከበሩ ተመለስሁ። ከወራት በኋላ ፎቶዎቹ ታጥበው መጡ። ሁለቱ ቢራቢሮዎች በሁለት ስም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ እኔም ልጆቹን እንደዚያው አስተማርሁ።

ኋላ አላስችል አለኝና በገበያ ቀን ግምጃ ቤት ወረድሁ። አያ ቢምረው ማር ሲሸጡ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልሁና በአገውኛ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቋንቋውን ሳልናገር ከርሜ ነው መሰል ምላሴ ይተሳሰር ነበር።

ከተቀመጡበት ተነሱልኝ። «ምንም አይደል፣ መምህር። እግዜር ይስጥልኝ። እስቲ ይቀመጡ» አሉኝ በአማርኛ። በልጅነቴ ከጭናቸው አስቀምጠው ማር ያላሱኝ ሰው አንቱ አሉኝ።

ተመልሼ የግድግዳውን ጽሑፍ አረምሁ፤ ለእንግዳውም ማን እንዳወቀው ጠቅሼ ጻፍሁላቸው። አያ ቢምረው ግን እስኪሞቱ ድረስ ከእኔ ጋር በአማርኛ ብቻ፣ በአክብሮት ተነጋገሩ። አገውኛ አልሰማም ያልሁትን እንዳመኑ ሆነው ተቀበሉኝ። እንደ ልጃቸው ቆጥረው ቢቆጡኝ በወደድሁ ነበር።