የውሰት ወርቅ

ሹሩባ ሠሪ ነበርኩ። እኔና ባለቤቴ ኮልፌ፣ አጠና ተራ አጠገብ፣ ባሏ ከሞተባት አንዲት ሴት ጋር በቀበሌ ቤት ደባል ሆነን እንኖር ነበር። ባለቤቴ ግንበኛ ነው። ቀን የሰው ግድግዳ ሲያቆም ይውላል፣ ማታ የሰው ግድግዳ ተደግፎ ይተኛል። ይህን ፊቱ ላይ ብዬው አላውቅም። እሱም አንድም ቀን ስለ እኔ እጅ የቅቤ ሽታ አላነሳብኝም።

ጊዜው የደርግ ነው። መሬት የመንግሥት ስለሆነ ቦታ የሚገኘው ቀበሌ ተመዝግቦ፣ ማኅበር ገብቶ፣ ተራ ጠብቆ ነበር። እኛም ጠብቀን ጠብቀን፣ ተስፋ ስንቆርጥ፣ ከቀራንዮ ወረድ ብሎ ሜዳው ላይ ቦታ ተመራን። ባለቤቴ በዚያው ዕለት አራቱን ማዕዘን በችካል መትቶ፣ መሀሉ ላይ ቆሞ ዞር ዞር ብሎ አየ። መኝታ ቤቱ የት እንደሚሆን አሳየኝ። ሣር ብቻ ነው ያየሁት፤ ግን አዎ አልኩት።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። የቀበሌው ሰው ወረቀቱን ሲሰጠን፣ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ ያልመታ ሰው ቦታው ለሚቀጥለው ተረኛ እንደሚሰጥበት ነገረን። ጉልበቱ የራሳችን ነው። አጠናው፣ ምስማሩ፣ ቆርቆሮው ግን የሰው ነው፤ ያለ ብር አይነቃነቅም። ያን ጊዜ ደግሞ ዓቢይ ጾም ነበር። በጾም ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ ሹሩባም የለም። እኔ የምኖረው በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው፤ ፋሲካ ሲመጣ እጄ አያርፍም፣ ጾም ሲገባ ደጃፌን ዝንብ ይወርሰዋል።

ባንክ ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት ትሑት ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ፣ እርስዎ አለኝ። መሥሪያ ቤቴ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ደጃፌ ላይ ነው አልኩት። ደመወዜን ጠየቀኝ። እንደ ወሩ ነው አልኩት። ባለፈው ወር ስንት አገኙ ሲለኝ፣ ባለፈው ወር ጾም ነበር አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ቋሚ ገቢ የሚያሳይ፣ ማኅተም ያረፈበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ካመጣሁ እንደሚያስተናግደኝ፣ ካለዚያ ግን ሕጉ እንደማይፈቅድለት አስረዳኝ። ባለቤቴም የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም። ወጣቱ እስከ በሩ ሸኘኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ በትሕትና የተባረረ ሰው የሚናደድበትን እንኳ አያገኝም።

ጦር ኃይሎች አጠገብ አራጣ የሚያበድር ሰው እንዳለ ሰማን። እሱ ደብዳቤ አልጠየቀም፤ የቦታውን ወረቀት አምጡና ብር ውሰዱ አለን። ባለቤቴ ቤቱን ሳንሠራው ልንሸጠው ነው ወይ ብሎኝ ተነሥቶ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

የቀረን እቁብ ነበር። ከፋሲካ በኋላ የአጠና ነጋዴዎቹ አዲስ እቁብ ሊጀምሩ ነበርና ገባሁበት። የእቁቡ ዳኛ ከደቡብ ምዕራብ በወጣትነታቸው መጥተው ኮልፌ የከበሩ፣ ትልቅ የአጠና ግቢ ያላቸው ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ጋ ጸጉሯን አትሠራም ነበር፤ ያስገባችኝም እሷ ናት። እንደ ልማዱ የመጀመሪያው ዕጣ የዳኛው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ችግር የገባው ሰው አባላቱ ፊት ቆሞ ችግሩን ከተናገረ፣ ሌላው ከፈቀደ፣ ያለ ዕጣ ይሰጠዋል። ዕጣ ብጠብቅ መቼ እንደሚደርሰኝ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ክረምቱ ግን ቀኑን ያውቃል። እናም በሁለተኛው እሁድ ቆሜ ልለምን ወሰንኩ።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። ከባንኩ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ብር የሚሰጠው ያለው ለሚመስል ሰው እንደሆነ ነው። ስለዚህ ያለኝ ልመስል ተነሣሁ። የጥምቀት ቀሚሴን አወጣሁ። አብራን የምትኖረው ሴት አንገትሽ ባዶ ነው ብላ፣ ከሣጥኗ ወፍራም የወርቅ ሐብል አውጥታ አጠለቀችልኝ። በዚያው ሰሞን ለእህቷ ልጅ ሠርግ ሰው አውሷት ገና አልመለሰችውም ነበር። የማን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ወርቅ ስም የለውም አለችኝ። እኛ ሰፈር ግማሹ ወርቅ ከሠርግ ሠርግ በውሰት ስለሚዞር፣ መልሱ እንግዳ አልሆነብኝም።

እቁቡ የሚሰበሰበው በዳኛው ግቢ ነው፤ አባላቱ በተከመረው አጠና ላይ ይቀመጣሉ። ደረቴን ነፍቼ ቆሜ ተናገርኩ። ቦታ ስለማግኘቴ፣ ቤት ለመጀመር ስለማሰቤ አወራሁ። መቸገሬን ግን ዋጥ አደረግኩት፤ እንዲያውም ሥራዬ ደህና እንደሆነ አስረግጬ ነገርኳቸው። ከእኔ ቀጥሎ ኮቱ የተቀደደ ባለ ጋሪ ተነሥቶ፣ ፈረሱ እንደሞተበት በአጭሩ ተናግሮ ተቀመጠ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ዳኛው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ፤ ዓይናቸው አንገቴ ላይ ትንሽ ቆየ።

«አንቺስ ደህና ነሽ፣ ልጄ» አሉ። «አንገትሽ ይመሰክራል።»

ብሩ ለፈረሱ ሄደ። ፍትሕ ነው፤ ያን ቀን ግን ፍትሕ መስሎ አልታየኝም። ወደ ቤት ስመለስ አስኮ በኩል ሰማዩ መጥቆር ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ የዳኛው ሚስት ጸጉሯን ልትሠራ መጣች። እንደ ወትሮው ጀርባዋን ሰጥታኝ ጉልበቶቼ መሀል ተቀመጠች። ሁለት ጉንጉን ከጨረስኩ በኋላ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«ወርቄ ትናንት ምን ጠቀመሽ?»

እጄ ቆመ።

«እጅሽን አታቁሚ፤ ሥሪ» አለችኝ። «ባሌ ነው ያየው። ድሮ በመጀመሪያ እቁቡ የገዛልኝን ሐብል ያጣዋል?»

ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ወርቃቸውን ቤት ትተው ነው የሚመጡት፤ ቅቤው ይነካዋል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዘመን ጭንቅላቷን እንደ መዳፌ የማውቀው፣ ሐብሏን ግን የማላውቀው። ዳኛው ሰው ፊት ቢያጋልጡኝ እኔም ያዋሰችኝም ሴት እንደምናፍር አስበው ዝም ማለታቸውን ነገረችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለምን እንዳደረግኩት ስትጠይቀኝ ስለ ባንኩ ነገርኳት፤ ያለፈው ወር ጾም ነበር ማለቴን ጭምር። ጉንጉኑ ከእጄ እስኪያመልጥ ድረስ ሳቀች።

«ባንክ ላለው ነው» አለች ስታበቃ። «እቁብ ለጎደለው ነው። ለእሁዱ የሥራ ቀሚስሽን ለብሰሽ ነይ።»

ባለቤቴ አልወደደውም። ለማኝ መስለሽ አትሄጂም አለኝ። የምመስለው ራሴን ነው አልኩት። እሁድ ክንዱ ላይ ቅቤ የጠጣ ቀሚሴን ለብሼ ቆምኩና ያለውን ነገር ሁሉ አወጣሁት፤ ቦታው ሊወሰድብን መሆኑን፣ ቆርቆሮ መግዣ እንደሌለን፣ ባንክ እንደመለሰኝ። ያለ ዕጣ እንዲሰጠኝ ተስማሙ። ቀጥሎ የእቁቡ ጸሐፊ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ፣ ዋሴ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እቁቡን ቀድሞ የበላ ሰው እስከ መጨረሻው ለመክፈሉ ንብረት ያለው ዋስ ማቅረብ አለበት። ንብረት ያለው ዘመድ የለኝም።

«ብትታመሚስ?» አሉኝ ጸሐፊው። ክፋት የላቸውም። «ገቢሽ እጅሽ ነው።»

ማንም አልተነሣም። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ጫማዬን ነበር የማየው። እንባዬ መጣ፤ ለዚህ ብዬ መልበሴ ቀሚሱን አስጠላኝ። ያኔ የዳኛው ሚስት ከቤቱ በራፍ ላይ ሆና ዋሷ እኔ ነኝ አለች። ባሏ ራሳቸውን ነቀነቁ። የዳኛ ሚስት ዋስ አትሆንም፤ የበላው ሳይከፍል ቢቀር ዳኛው የገዛ ቤቱን ሊከስ ነው። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሷም ታውቀዋለች። ገባችና በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዛ ተመለሰች። ባሏን አልፋ ለጸሐፊው ሰጠቻቸው። ሲፈቱት ሐብሉ ነው፤ አብራን የምትኖረው ሴት በሳምንቱ መሀል መልሳላት ነበር።

«ከፍላ እስክትጨርስ እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አለቻቸው። «ጭንቅላቴን ያመንኳትን ሴት በብር አልጠረጥራትም።»

ባለቤቴ ከባልደረቦቹ ጋር ከአጠና ተራ ያመጣውን እንጨት አቆመ፤ ጭቃው እየተመረገ ቆርቆሮው ተመታ። የቀበሌው ሰው መጥቶ ቀና ብሎ አይቶ ሄደ። ክረምቱ የገባው ግድግዳችን ገና ሳይደርቅ ነው። ከውጪ ዘነበ፣ እኛ ከውስጥ ነበርን፤ ይህን ነገር ዛሬም ስናገረው ደስ ይለኛል።

መክፈሉ ግን ከመሥራቱ ረዘመ። ጾም መጣ፤ ደጃፌን እንደለመደው ዝንብ ወረሰው። ባለቤቴ አንድ እሁድ እንዳያልፈን ውሃ ልኩን ሸጠ፤ ለብዙ ጊዜ የሰው ግድግዳ በውሰት ውሃ ልክ ገነባ። አላለፈንም። በዚያው ዓመት የዳኛው ሚስት ልጇን ዳረች። ለሠርጉ ጸጉሯን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሙሽራ እናት ሆና፣ ያ ሁሉ ዘመድ ባለበት፣ አንገቷ ላይ ከጥቁር ማተቧ በቀር ምንም አልነበረም። ሴቶቹ ሐብልሽስ ሲሏት ከበደኝ አለቻቸው። ለእኔ ምንም አላለችኝም። እኔ ደግሞ ከኋላዋ የምቀመጥ ሰው ነኝ፤ በየጊዜው የማየው ያንን ባዶ አንገት ነበር። ዕዳ ብዙ ዓይነት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያሳፈረኝ፣ እንደዚያም ያሠራኝ የለም።

የመጨረሻውን በከፈልኩ ቀን ጸሐፊው መሐረቡን ሰጡኝ፤ ቋጠሮው እንዳለ ነው። በማግስቱ አዲሱ ቤቴ ድረስ ጸጉሯን ልትሠራ ስትመጣ አቀበልኳት። አልተቀበለችኝም፤ አንቺ እሰሪልኝ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ጣቶቼ ቅቤ ነበሩና መቆለፊያው እየተንሸራተተ እምቢ አለኝ። አለቀስኩ፤ እሷም ያወቀች ይመስለኛል፤ ቀስ በይ፣ የት ይሄዳል አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሹሩባ ልትሠራ ስትመጣ ሐብሏን አውልቃው አታውቅም። አንድ ቀን ቅቤው ይነካዋል እኮ አልኳት።

«ይንካው» አለችኝ።