ያልለካሁት ውሃ

አባቴ የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ጉለሌ ወደሚገኘው ቤታችን የተመለሰ ሰሞን፣ የቤቱ ባለሥልጣን እኔ ነበርኩ። የማስተዳድረውም ውሃ ነበር።

ሐኪሙ በደንብ አስረድቶናል። ልቡ ተጠግኗል፤ ከእግሩ ወስደው የተከሉለት ደም ሥርም ሥራውን ይዟል። የሚያሰጋው በደም ግፊት ለዓመታት የተጎዳው ኩላሊቱ ነው። ኩላሊቱ ማስወጣት ያቃተው ውሃ እግሩንና ሳንባውን ይሞላል፤ ገና ያልጠነከረው ልብም ይደክማል። ስለዚህ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ እንዳይጠጣ፣ ጠዋት ጠዋት እንዲመዘን አዘዘ። ኩላሊቱ ከባሰበት ግን እጥበት ይጀምራል። አባቴ ከሞት ይልቅ እጥበትን ነበር የሚፈራው፤ ጎረቤታችን በሳምንት ሦስቴ ሲመላለስ አይቷል።

ሁሌ ጠዋት ሁለት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሞልቼ አጠገቡ አስቀምጣለሁ። ሻዩም፣ መድኃኒት መዋጫውም ከዚያው ነው። ሙዝና ብርቱካን ለኩላሊቱ ስለማይሆኑ፣ ይዞ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ከነፌስታሉ እመልሳለሁ። እናቴ በእኔ ታፍራለች። እኔ ግን አላፍርም ነበር፤ እንዲያውም በራሴ እኮራ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ክብደቱ በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ጨመረ። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ አለው፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። መጀመሪያ የወነጀልኩት እናቴን ነው። “ወጡ ላይ ጨው ጨምረሻል!” ብዬ ጮህኩባት፤ አለቀሰች።

ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ አብረውን ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ ከለካሁለት ውሃ ሌላ ምን እንደሚጠጣ ጠየቀኝ።

“ምንም” አልኩ ኮራ ብዬ።

“ጠበሉን ብቻ ነው እንጂ ምን ይጠጣል ልጄ” አሉ አክስቴ።

በየማለዳው ከእንጦጦ በትንሽ ጄሪካን ያመጡለታል፤ እሱም በባዶ ሆዱ ሁለት ትልልቅ ኩባያ ይጠጣል። ማንም አልደበቀኝም። ጄሪካኑ በር ሥር ተቀምጦ እኔም በየቀኑ አልፌዋለሁ። ጠበል ከሊትሩ ይቀነሳል ብሎ ማሰብ ለእኔም አልመጣልኝም።

ሐኪሙ አልተቆጣም። “እማማ፣ ይርጩት፣ ይቀቡት። ማጠጣቱን ብቻ ይተዉት” አላቸው።

“ወንድሜን እኔው ልገድለው!” ብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ያን ሁሉ የምጮኸው ሴትዮ እጃቸውን ያዝኩ።

ሆስፒታል አስተኝተው ውሃውን በመድኃኒት አስወጡለት። ልቡ ደህና ነው። ኩላሊቱ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ደክሟል፤ እጥበቱም ለጊዜው ነው የቀረለት። ይህን ከሰማን በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ተናድጄበት ነበር፤ ፈርቼም ነበር።

“አባዬ፣ እኛስ እሺ፤ አንተ እንኳ ውሃ መሆኑ ጠፋህ?”

“አልጠፋኝም” አለ። “ጠምቶኝ ነው። እሱን ስጠጣ ደግሞ አትቆጪኝም።”

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ስንት እንደጠጣ ያልጠየቅኩበት ቀን የለም። ጠምቶት እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም ነበር።