ቁጥር የሌለው ወረቀት

ብዙነሽ መዝገብ ቤት በሠራችበት ሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ቁጥርና ቀን የሌለው ወረቀት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ዲን ቢቆጣ፣ ባለጉዳይ ቢያለቅስ መልሷ አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ቁጥር ይኑረው።» ደብረ ታቦር ባለው ትንሽ ኮሌጇ አስተማሪዎቹ ከኋላዋ «እትዬ ቁጥር» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል። ሰው ስም ማውጣቱ ላይቀር፣ በሥርዓት ከሆነ ምን ከፋ? ጉዱን ያፈላው ግን ይኸው ሥርዓቷ ነው።

የደብረ ታቦር፣ የይፋግና የገሳይ ሦስት ትንንሽ ኮሌጆች ለየብቻ ያቃታቸውን ፈረንሳይኛ ተጋግዘው ማስተማር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ደብረ ታቦር አስተማሪ አለው፤ ይፋግ ኮምፒውተር የተሟላለት ክፍል አለው፤ ገሳይ ደግሞ ተማሪ ሞልቶታል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሆነና፣ ፈረንሳይ አገር ያለ አንድ ኮሌጅ ስድስት ተማሪዎች ለአንድ መንፈቅ ልቀበል አለ። የጠየቀው የሦስቱ ዲኖች ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ስምምነት ብቻ ነው፤ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት።

ስምምነቱ ሰኞ ዕለት በይፋግ ዲን ተፈርሞ፣ በማኅተም ታትሞ ደብረ ታቦር መጣ። ከማኅተሙ አጠገብ ግን የይፋግ ቁጥር የለም። ብዙነሽ ደወለች፤ ስልኩ አይነሣም። ማክሰኞም ረቡዕም ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። «ቁጥሩን እስኪነግሩኝ ይቆይ» ብላ ፋይል ውስጥ አኖረችው። ለማንም አልተናገረችም። ዓርብ ረፋድ ላይ ዲኗ አዲስዓለም «እትዬ ብዙነሽ፣ ያ ስምምነት ገሳይ ደርሶ ተመለሰ አይደል?» ስትላት ወረቀቱን ከፋይሉ አውጥታ ፊቷ አኖረችው።

አዲስዓለም አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ፈርማ፣ አትማ ሰጠቻት። «የገሳዩ ዲን አቶ ይሻው ትናንት እናታቸውን ቀብረው ለቅሶ ላይ ናቸው። ፊርማቸው ካልተገኘ የልጆቹ ነገር አበቃ» አለቻት።

ስምንት ሰዓት ላይ ብዙነሽ ገሳይ፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነበረች። እያለቀሰች ገብታ «እግዜር ያጥናዎት» ብላ ተቀምጣለች። ወረቀቱ ነጠላዋ ሥር፣ ደረቷ ላይ ነው። አቶ ይሻው ጋቢያቸውን ተከናንበው አንገታቸውን ደፍተዋል። አዲስ ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ለቅሶው እንደገና ይነሣል። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ፊርማ የሚያወራ ሰው ምን ይባላል? ሌላ ሰው አድርጎት ብታይ እሷ ራሷ ዓመት ሙሉ ታማው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ንፍሮ ቀረበላት። የአቶ ይሻው ዓይን ከዓይኗ ጋር ተገጣጠመ፤ ወዲያው መልሰው አቀረቀሩ። አሥር ሰዓት ሆነ። ስድስቱን ልጆች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ፋይላቸውን የከፈተችው እሷ ናት። ፓስፖርት ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አይታለች። «ለማን ብዬ ነው የምፈራው? ለስሜ?» አለች በሆዷ። በራሷ ተናደደች።

አሥር ሰዓት ከሩብ ሲል ተነሥታ አቶ ይሻው ፊት ተንበረከከች።

«አቶ ይሻው፣ ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አራት ቀን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የልጆቹ ወረቀት አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ዋጋ የለውም። ይፈርሙልኝ።»

የሟች እኅት የሆኑ አንዲት አሮጊት «ኧረ ጉድ! አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! ምን ያለችው ናት?» አሉ። የብዙነሽ ፊት እሳት ሆነ፤ ግን አልተነሣችም።

አቶ ይሻው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሰደዱ። ሲያወጡት ማኅተሙንና ቀለሙን ይዘዋል።

«ቀነ ገደቡ ዛሬ መሆኑን ስለማውቅ ከጠዋት ጀምሮ ብብቴ ሥር ይዤው ነበር» አሉ። «በእናቴ ለቅሶ የቢሮ ወሬ እኔ እንዴት ላንሣ፣ እኅቴ? ስትገቢ ሳይሽ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምነው ዝም አልሽኝ?»

ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ፤ አተሙ። ከዚያ ቀና ብለው «ቁጥሩስ? መዝገብ ቤታችን ዛሬ ዝግ ነው» አሏት።

«ይቅር» አለች ብዙነሽ።

ኔትወርክ ፍለጋ እስከ አስፋልቱ ሮጠች። ወረቀቱን በስልኳ አንሥታ ለአዲስዓለም ላከች። ላብ በፊቷ እየወረደ ቆማ ጠበቀች። ለአሥራ አንድ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው «ፈረንሳይ ደርሷል» የሚል መልእክት መጣላት።

ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩባት። ብዙነሽ ሄዳ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። አሁን ደረቷ ላይ ወረቀት የለም፤ ለሟቿ ከልቧ አለቀሰች።