ሳልቀምስ የቀዳሁት ብርዝ

ደብረ ብርሃንን የለቀቅኩት አመሻሽ ላይ፣ ጠባሴ ካለው ከእናቴ ጠላ ቤት ተነስቼ ነው። የሚወስደኝ አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ሞተሩን አላጠፋም፤ ሾፌሩ "ኧረ ቶሎ በይ እቴ፣ መንገድ አለብን!" እያለ ይጮሃል። ጠላ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከመዘዞ በግ ሊሸጡ የመጡ ሰዎች ወንበሩን ሞልተው ስለ ሙክት ይጨቃጨቃሉ። እኔ አገር ልለቅ፣ እነሱ ስለ ሙክት! ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ምን እንዲሉኝ ፈልጌ እንደነበር አላውቅም።

እናቴ አላለቀሰችም። ማንቆርቆሪያውን አነሳች፣ ግራ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፣ ከዚያ በብርጭቆ ቀድታ ሰጠችኝ። ለደንበኛ ሁሉ የምታደርገው ነው። እኛ አገር የሚቀዳው ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፤ ጠጪው ምንም እንደሌለበት በዓይኑ አይቶ ይጠጣል። ለእኔ ግን ቀምሳልኝ አታውቅም። የቤት ልጅ ነኛ።

"እማዬ፣ ለእኔም?" አልኳት።

"ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ ነሽ" አለችኝ። "በይ ጨልጪው፣ መኪናው ጥሎሽ ይሄዳል።"

ጨለጥኩት። ለምን ሄድሽ ለምትሉኝ፣ ሥራ አልነበረም ብል ውሸት ነው። ሥራስ ነበር፤ ሠርቼ የማድርበት ኑሮ ነው የጠፋው። ይህን የማያውቅ ያገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ስለዚህ አላስረዝመውም።

የበረሃውንም መንገድ አልተርክላችሁም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ላላለፈበት ደግሞ ቢነግሩት ፊልም ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ሰሃራ መሃል ደላላው ውሃ በጀሪካን አመጣልን። ጀሪካኑ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። "መጀመሪያ አንተ ቅመስ!" አልኩት፣ በአማርኛ፣ እንደ እናቴ ልጅ። አብራን የነበረች አረብኛ የምትችል ሴት ተረጎመችለት። ሰውየው በሳቅ ፈረሰ፤ ጓደኞቹን ጠርቶ በጣቱ እያሳየኝ ሳቀ። ጠጣነው፣ ምን ምርጫ አለ? ሁላችንም ሆዳችንን ታመምን። እሱ የሚጠጣው ከራሱ ጠርሙስ ነበር።

አሁን ያለሁት ጀርመን፣ ካሰል በምትባል ከተማ ነው። "ብርዱ ይገድልሻል" ሲሉኝ ነበር። ይህን የሚሉ ሰዎች የደብረ ብርሃንን ውርጭ አያውቁትም! እዚህ ብርዱ ደጅ ይቀራል፤ ቤት ስትገቡ ግድግዳው ላይ ያለው ብረት ይሞቃል። እኛ ጋ ብርዱ አብሮ ይገባና አብሮ ይተኛል። እኔን የከበደኝ ምሳ ሰዓቱ ነው። አብረውኝ ቢሮ ከሚያጸዱት ጋር ስቀመጥ እያንዳንዱ የራሱን ሳጥን ከፍቶ፣ ዞር ብሎ ይበላል። "እንብላ" ስላቸው ደንግጠው ያዩኝና "አይ፣ የራሴን ይዣለሁ" ይሉኛል። እኔም ቀስ በቀስ ዞር ብዬ መብላት ለመድኩ።

ዓመታት እንዲህ ካለፉ በኋላ ከምኖርበት ፎቅ ሥር ያለው ክናይፐ ተዘጋ። ክናይፐ የሚሉት የሰፈር መጠጥ ቤት ነው፤ ሽማግሌዎች ቢራቸውን ይዘው የሚቆዝሙበት፣ የእናቴን ቤት የመሰለ፣ ጭቅጭቅ ብቻ የሌለው። እከራየዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። የጽዳት ሥራዬንም ለቀቅኩ፤ እንግዲህ ወደኋላ የለም። የቤቱ ባለቤት ሄር ክሉገ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሄር ማለት እንደኛ አቶ ነው። ሊያነጋግሩኝ ሲመጡ ብርዝ አቀረብኩላቸው። ማርና ውሃ ነው፣ አልኮል የለውም። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና ሰጠኋቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። "በጣም ጠምቶዎት ነበር?"

"አይ፣ ለእርስዎ ነው የቀመስኩት።"

"ለእኔ? እኔ እኮ አፍ አለኝ" አሉ።

ቢሆንም ቤቱን ሰጡኝ። ግን አስቀድመው አስጠነቀቁኝ፦ የከተማው የምግብ ተቆጣጣሪ አይታ ካልፈቀደች፣ ወሩ ሲያልቅ ለስልክ ጠጋኝ ያከራዩታል። "ስልክ አይሻግትም" አሉኝ፣ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ይመስለኛል።

ተቆጣጣሪዋ ፍራው ሊንደ ትባላለች፤ ወይዘሮ ሊንደ እንደማለት። ወጣት ናት፣ ልጄ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራት፤ እዚህ አገር ግን ላላወቁት ሰው አንቱ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር ከተተች። ለጥሬ ሥጋና ለአትክልት የተለያየ መክተፊያ አሳዪኝ አለች፣ አሳየኋት። በባትሪ ጠረጴዛ ሥር አየች። የጭስ ማውጫውን በጣቷ ጠረገችና ቅባት ፈለገች፤ ከየት ይምጣ? እኔ እኮ በዚህ አገር የሰው ቢሮ ስወለውል የኖርኩ ነኝ፣ ቆሻሻ የት የት እንደሚደበቅ አውቃለሁ። በዚያ ላይ የማን ልጅ ነኝና! እማዬ ጋኗን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ፣ በወይራ አጥና፣ አንገቷን ውስጥ ከታ ካላሸተተች ጠላ አትጠምቅም።

"በጣም ንጹህ ነው" አለች ፍራው ሊንደ። "እንዲህ ያለ ብዙ አላይም።"

ደስታ ሰው ያጃጅላል። "እንግዲያው ሳይጠጡማ አይሄዱም!" ብዬ የብርዙን ማንቆርቆሪያ አነሳሁ። መዳፌ ላይ ጠብ፣ ቀመስ፤ ከዚያ ቀድቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላት።

እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቀረ። "አሁን ምን አደረጉ?"

"ቀመስኩልዎት።"

"ከእጅዎ?"

"ታጥቤያለሁ፤ ስታጠብ አይተውኛል እኮ።"

"ታጥበው ላሱት። በላሱት እጅ ደግሞ ብርጭቆዬን ያዙት።"

"ታዲያ መርዝ እንደሌለው በምን ላሳይዎት?"

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። "መርዝ ሊኖረው ይችላል?"

"ኧረ አይችልም! ለዚያ ነው እኮ የቀመስኩት።"

"ከሌለው ለምን ይቀምሳሉ?"

እንግዲህ በዚህ ላይ ምን ይባላል? በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ላስረዳ ስል ጭራሽ መርዝ፣ መርዝ፣ መርዝ እያልኩ ደጋገምኩት፤ ያውም ለምግብ ተቆጣጣሪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

"ይህ ፌርቦተን ነው" አለች። የተከለከለ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚማሩት ቃል ነው። ፈቃዱን ሳትሰጠኝ ቀረች። ወሩ ሳያልቅ ሳልነግርዎ እመጣለሁ፣ ያን ጊዜም እንዲህ ሲያደርጉ ካየሁ ቤቱ አይከፈትም አለችኝ። ክፉ ግን አልነበረችም። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ "መቅመስ ካለብዎት ጓዳ ገብተው በማንኪያ ይቅመሱ፣ ማንኪያውንም ይጠቡት" አለችኝ። ጓዳ የቀመስኩትማ ምን ያደርጋል? እንግዳው ካላየው እንዳልቀመስኩት ነው።

ከዚያ በኋላ የገዛ እጄ ዘበኛ ሆንኩ። ማንቆርቆሪያ ሳነሳ ግራ እጄ ሳልጠራው ይመጣል። ብቻዬን ባዶ ቤት ውስጥ ውሃ እየቀዳሁ ተለማመድኩ፣ እንቢ አለኝ። ኋላ ዘዴ አገኘሁለት፤ ግራ እጄን ፎጣ አስያዝኩት። ፍራው ሊንደ አንድ ጠዋት ድንገት ከች ስትል ቀኝ እጄ ቀዳ፣ ግራ እጄ ፎጣውን ጨምድዶ ቀረ። ጠጣች። "ጣፋጭ ነው" አለችና ፈቃዱን ሰጠችኝ። ሄር ክሉገም ስልክ ጠጋኙን አሰናበቱት።

የከፈትኩ ቀን ከሰዓት በኋላ ያገሬ ሰዎች መጡ። አንዱ ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ የሰላ ድንጋይ ሰው፤ ልጃቸው ወደዚህ ካመጣቻቸው ብዙ አልቆየም። ለሁሉም ብርዝ ቀዳሁ፣ ፎጣዬን እንደያዝኩ። ወጣቶቹ ጠጥተው ድገሚን አሉ። የጋሽ ደምሴ ብርጭቆ እንደሞላ ነው።

"ምነው ጋሼ፣ አልጣፈጠዎትም እንዴ?"

"አልነካሁትም፣ በምን አውቄ።" ከዚያ ሌላው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የማን ልጅ ነሽ አንቺ?" አሉኝ።

ገባኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። ዕድሜዋን ሙሉ ቀምሳ ስትሰጥ የኖረች ሴት ልጅ ሆኜ፣ ላገሬ ሽማግሌ ሳልቀምስ ሰጠሁ!

"ጋሼ፣ እዚህ አገር ቀምሶ መስጠት ክልክል ነው። ካዩኝ ቤቴን ይዘጉብኛል።"

"እህ፣ እንግዲህ ሕግ ከሆነ" አሉ። ብርጭቆውን በጣታቸው ቀስ አድርገው ገፉት፤ በቁጣ አልነበረም። "ግድ የለም ልጄ፣ ቢራ አምጪልኝ። እዚሁ ፊቴ ክፈቺው።"

ቢራ አምጥቼ ፊታቸው ከፈትኩላቸው። ሲሄዱ ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ምርቃቱ አላጽናናኝም። የእሳቸውን ብርዝ ደፋሁት፤ አፍሬያለሁ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

በማግስቱ ከመጠጥ ቤቴ፣ ፎጣውን በግራ እጄ እንደያዝኩ፣ ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣልኛለች ብዬ ነበር።

"ልጅቷ እውነቷን ነው" አለችኝ። "እጅ ምን ሲነካ እንደዋለ ማን ያውቃል? እኔ ራሴ ጉንፋን ሲይዘኝ ጎረቤቴን ጠርቼ ነው የማስቀምሰው።"

"ጋሽ ደምሴስ?"

"እሱም እውነቱን ነው። በሰው አገር ማን ያውቅሽና ነው ሳትቀምሺ የሚጠጣልሽ?"

"እንዴ እማዬ፣ ሁለቱም እውነት ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?"

"እኔ እንጃ፣ ልጄ" አለች። ከዚያ እሷ ጠየቀችኝ። "ለአንቺስ? እዚያ የሚቀምስልሽ ሰው አለ?"

የለም ማለት ከበደኝ። እዚህ ሁሉም ነገር ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ እኔም ከፍቼ ነው የምጠጣው። እማዬ ስልኩን ጋኑ ላይ አስደግፋው ሄደች። ጣሪያችን ብቻ ታየኝ፣ ጥግ ላይ ያለው ዝናብ የሚያስገባው ቆርቆሮ እንኳ አልተቀየረም። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ተመለሰች። እንዳየው ወደ ስልኩ ጠጋ አለች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ ብርጭቆውን ሞልታ ወደ እኔ ዘረጋችው።

"በይ ተቀበይኝ፣ ምንም የለበትም" አለች።

ፎጣውን አስቀምጬ እጄን ዘረጋሁ።